ያልተቀመጥኩበት መከዳ

ልጄ ክፍሏን ዘግታ የምታወራው ከወንድ ጋር ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወንድ ቢሆን እቆጣለሁ፣ ስልኳን እቀማለሁ፣ አባቷ የሚነዳውን ትራክ የሆነ ቦታ አቁሞ ኮል እንዲያደርግላት አስደርጋለሁ፣ ያልፋል። ከአንዲት ባዕድ አሮጊት ጋር ሲሆን ግን ምን ተብሎ ይቆጣል?

ኮቪድ ትምህርት ቤቱን ከዘጋው ወዲህ ልጄ ከሰው ተራ ወጥታ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲከፈትም አልተመለሰችም፤ ሄዳ ትመጣለች እንጂ ልቧ ከዚያ ክፍል አይወጣም። እኔ ዌርሃውስ የንጋቱን ሺፍት ጨርሼ፣ እግሬ አብጦ፣ ከሰዓት በኋላ ኢስትሙር የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማችን ስገባ በሯ ዝግ ነው። ከበሩ ጀርባ ግን ሳቅ ይሰማል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆን ጆሮዬን ለጥፌ ግማሹን እይዝ ነበር። ኮሪያኛ ነው። መጀመሪያ ከድራማ፣ ቀጥሎ ላይብረሪው በዙም ከሚሰጠው ክላስ የለቀመችው ኮሪያኛ። ይቺ ልጅ አፏን ከፈታች ጀምሮ በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። አገር ቤት ያለችው እናቴ ደውላ ስታገኛት «ሃይ» ትልና ስልኩን መልሳ ታቀብለኛለች። ምላሷ ለሌላ ቋንቋ አይታጠፍም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለካ ለኛ ብቻ ነው የማይታጠፈው።

አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ሃያ ሃያ ሁለት በገባ በመጀመሪያው ወር፣ እንደ ጓደኞቿ ፓርቲ ላድርግልሽ ብላት አልፈልግም አለች። የፈለገችው አንድ ቅዳሜ ነው። ፖላሪስ ከሚባለው የገበያ ሰፈር አለፍ ብሎ አንዲት የኮሪያ ሴት ልብስ የምታስተካክልበት ሱቅ አላት፤ እዚያ ሄደን የአገራቸውን የባህል ልብስ ሁለታችንም እንለብሳለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ የአገራቸውን ምግብ እንበላለን። «ትራቭል ዴይ» ብላ ስም አወጣችለት። ኮሪያ በኮቪድ በሯን ስለዘጋች ኮሪያ የምንሄደው በቱ ሰቨንቲ ሀይዌይ ነው ማለት ነው።

«ሴትዮዋ ማን ናት?» አልኳት።

«ሃልሞኒ።»

«ስሟ ነው?»

«ኖ፣ ማም። ግራንድማ ማለት ነው።»

ከበሩ ጀርባ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ያወቅኩት እንደዚህ ነው። የላይብረሪውን ክላስ በኮሪያኛ ብቻ እያወራች የምታስተምረው ይህች አሮጊት ነበረች፤ ክላሱ ካለቀ በኋላም ሁለቱ ዓመት ሙሉ ሲያወሩ ኖረዋል። የገዛ አያቷን በ«ሃይ» የምትሸኝ ልጅ እዚህ አያት አበጅታለች። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ልሂድላት ብዬ ሳይሆን ሴትዮዋን ልያት ብዬ ነው። ጥሩ ሻርፔን ሳላደርግ፣ ሽቶ ሳልቀባ፣ የሥራ ጫማዬን አጥልቄ ሄድኩ። የሚያከብሩት ሰው ቤት እንደዚያ ተሆኖ አይኬድም፤ እንድታውቅልኝም ፈልጌ ነበር።

የዚያን ቀን ብርዱ ለጉድ ነው። የጣለው በረዶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተቆልሎ ጠቁሯል፣ የበረዶ ማቅለጫ ጨው የሚበትነው ትራክ ከፊታችን እየተንፏቀቀ ነው፣ የመኪናዬ ሂተር ደግሞ የሚሠራው በኔ በኩል ብቻ ነው። ልጄ እጆቿን እያፋተገች፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ በአማርኛ አንድ ነገር ሞከረች። በረደኝ ለማለት ነው። ቃሉን ሰባብራ፣ ኋላውን ወደፊት አምጥታ አወጣችው። ሳቅኩ። ክፋት ኖሮኝ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ልጅ ሲኮላተፍ ይሳቃል፣ የሳቀም ሰው ወንጀለኛ አይባልም። እሷ ግን ኤርፎኗን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። እስክንደርስም አላወጣችውም።

ሱቁ ከመደዳ ሱቆች ጫፍ ላይ ያለ፣ ከፊቱ የስፌት መኪና የተደረደረበት፣ ከኋላው በመጋረጃ የተከለለ ነው። ልጄ በሩን ከፍታ ሳትጨርስ ከወገቧ ጎንበስ አለች። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣጥፋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። አሮጊቷ ከስፌት መኪናው ብድግ ብላ መጣች። አጭር ናት፣ ጸጉሯ ነጭ፣ ማስኳ እስከ ዓይኗ ሥር የደረሰ፣ አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር የጠመጠመች። የልጄን ጉንጭ በሁለት እጇ ያዘችና አንድ ነገር አለቻት፤ ልጄ ሳቀች። ያ ሳቅ ነው፣ ከበሩ ጀርባ የማውቀው። ከዚያ ወደኔ ዞራ እሷም ጎንበስ አለች። እኔ በአንገቴ ብቻ መለስኩላት።

ውሃ አመጣችልን። ልጄ በሁለት እጇ ተቀበለች። ቤታችን ውስጥ ሰሃን ሳቀብላት በአንድ እጇ፣ ያውም ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ነው የምትወስደው። «ታላቅ ሲሰጥሽ በሁለት እጅሽ ተቀበይ» እያልኩ ስንት ጊዜ አፌ ደርቋል። ለካ ትምህርቱ ገብቷት ነበር፤ ያልወደደችው አስተማሪዋን ነው። ውሃውን አልጠጣሁም።

ከመጋረጃው ኋላ ጫማ ይወለቃል። እኛም ቤት ስለሚወለቅ አልገረመኝም፤ ያናደደኝ ካልሲዬ ነው። ለንቀት ብዬ ያደረግኩት አሮጌ ካልሲ አውራ ጣቴን አጋልጦ ሰጠኝ። አሮጊቷ አይታ እንዳላየች ሆነች። ጨዋነቷ ይበልጥ አበሸቀኝ።

ለልጄ ያዘጋጀችላት ከላይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ከታች ቀይ ነው። ቀሚሱ ከጡት ሥር ጀምሮ ሰፍቶ እስከ መሬት ይወርዳል፣ ከላዩ እጀ ሰፊ አጭር ልብስ ይደረባል፣ ደረት ላይ በረጅም ጥብጣብ ይታሰራል። ለኔ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ አውጥታለች። አልለብስም ልል ስል ልጄ «ፕሊስ» አለችኝ፤ ያቺን ቃል ከሷ አፍ ከሰማሁ ስለቆየሁ ሂጃቤን ሳላወልቅ፣ በሹራቤ ላይ ደረብኩት። ጥብጣቡን እንደለመድኩት ድርብ አድርጌ ስቋጥረው አሮጊቷ እጄን ቸብ አድርጋ ፈታችውና በራሷ አስተሳሰር አሰረችው። እጄን መታችኝ። ከልጅነቴ ወዲህ እጄን የመታኝ ሰው የለም። መስታወት ፊት ስቆም ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ፤ አምሮብኛል። በስንት ልብስ ልደብቀው ያልቻልኩትን ቦርጭ ይቺ ሴትዮ በአንድ ጥብጣብ ደበቀችልኝ።

ፎቶ ተነሳን። ልጄ ሁለት ጣቶቿን አጠላልፋ የልብ ቅርጽ ትሠራለች፣ እኔ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብያለሁ። ፎቶው ዛሬም ስልኬ ላይ አለ። ፊቴን ያየ ሰው አስገድደው ያለበሱኝ ነው የሚመስለው።

ፎቶው ሲያልቅ አሮጊቷ ሁለት መከዳ አምጥታ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንደኛውን በሁለት እጇ አሳየችኝ፤ ተቀመጪ ነው። እሷና ልጄ ተያይተው ፈገግ አሉ። እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር ሁለቱ ያውቁታል፤ አንጀቴን ያሳረረኝ እሱ ነው። «ጉልበቴን ያመኛል» ብዬ ማሞቂያው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የልጄ ፊት ጠቆር አለ። በኮሪያኛ ተነጋገሩ፣ አሮጊቷ ባዶውን መከዳ በመዳፏ አስተካክላ ራሷ ሌላኛው ላይ ተቀመጠች።

ልጄ ወደ ፊት መጣች። እጆቿን አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ እስከ ግንባሯ አነሳች። ቀስ ብላ፣ ቀሚሱ ዙሪያዋን እየተነፋ፣ በጉልበቷ ወረደች። ከዚያ ራሷን ወደ መሬት ዘንበል ማድረግ ጀመረች።

እኔ በልጅነቴ የተማርኩትና መቼም የማልረሳው አንድ ነገር ቢኖር ሱጁድ፣ ግንባርን መሬት አስነክቶ መስገድ፣ ለአላህ ብቻ መሆኑን ነው። ለንጉሥ አይደለም፣ ለእናት አይደለም፣ ለልብስ ሰፊ አሮጊትማ ጭራሽ። የታየኝ ልጄ ለፍጡር ልትሰግድ ስትወርድ ነው። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ክንዷን ይዤ ወደ ላይ መነጨቅኳት። «ተነሽ፣ ለሰው አይሰገድም» አልኩ፣ ድምፄ ከመጋረጃው አልፎ ውጭ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። ልጄ የቀሚሷን ጫፍ ረግጣ ተንገዳገደች፣ የእጅጌው ስፌት ከትከሻዋ ላይ ተተረተረ።

አሮጊቷ ተነስታ የተተረተረውን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከሹራቧ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ አያያዘችው። ወደኔ አልዞረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አላጣም።

«ከዚህ ቤት እንውጣ» አልኳት ልጄን።

«ምግቡ ተሠርቷል» አለች በእንግሊዝኛ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ካልፈለግሽ መኪና ውስጥ ጠብቂኝ።»

መኪና ውስጥ መጠበቅ ማለት ልጄን ለሷ ለቅቄ መውጣት ነው። አልወጣሁም፤ ዝቅ ያለው ጠረጴዛ ጋ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ለዚያ ጉልበቴ አላመመኝም።

ከሩዝ ሊጥ ተሠርቶ ስስ ሆኖ የተቆራረጠ ነገር ያለበት ነጭ ሾርባ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ሰላጣ ቅጠል፣ እነሱ ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ ታሽቶ የቦካ ቀይ ጎመን ቀረበ። ሾርባውን አዲስ ዓመታቸው ሲገባ የሚበሉት ነው አሉ፤ የዘንድሮው ሊገባ ጥቂት ቀናት ነው የቀሩት።

«ሥጋው የምንድን ነው?» አልኩ፣ ማንኪያውን ሳልነካ። «ማን እንዳረደው ያላወቅኩትን አልበላም።»

«ሥጋ የለውም» አለች ልጄ። «በዓሣና በባሕር ቅጠል ነው የተሠራው። ቀደም ብዬ ነግሬያታለሁ። የድሮው ድስቷ አሳማ ስለተሠራበት ላንቺ ብላ አዲስ ገዛች።»

አፍ የሚያስይዝ መልስ ነው። እኔ ግን በሰው ደግነት ዝም የምል ዓይነት አይደለሁም፤ ሰበብ ስፈልግ ዓይኔ ቀዩ ጎመን ላይ አረፈ። ላነሳ ስል አሮጊቷ እጇን አፏ ላይ እያራገበች ያቃጥላል አለችኝ። ለኔ፣ በርበሬ ሲወቀጥ እያስነጠስኩ ላደግኩት የወሎ ልጅ። ማንኪያ ሙሉ ዝቄ ጎረስኩ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ አላመጥኩ። ቃጠሎው ሳይሆን ኮምጣጣነቱ ነው ያልጠበቅኩት። የከንፈሬን ውስጥ ለበለበኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ውሃ ግን አልነካሁም።

አሮጊቷ የሰላጣ ቅጠል መዳፏ ላይ ዘርግታ ሩዝ፣ ዓሣ፣ ከቀዩ ጎመን ትንሽ ጨማምራ ጠቀለለችው። ኮቪድ ከመጣ ወዲህ ልጄ ቤታችን ውስጥ ጉርሻ ከልክላለች። ጀርም አለው፣ ግሮስ ነው፣ ይቀፋል ትላለች፤ እጄን በሳሙና ታጥቤ እንኳ ባጎርሳት ፊቷን ታዞራለች። አሮጊቷ የጠቀለለችውን ይዛ እጇን ዘረጋች። ልጄ አፏን ከፈተች።

ከዚህ በኋላ መቻል አልቻልኩም።

«እኔ ሳጎርስሽ ጀርም ነው» አልኳት። «የሷ እጅ ከጀነት የመጣ ነው? ለሷ ትጎነበሻለሽ፣ ከሷ በሁለት እጅ ትቀበያለሽ፣ ለሷ ብለሽ ቋንቋ ትማሪያለሽ። እኔ ምንሽ ነኝ? ድራይቨርሽ ነኝ?»

ልጄ አኝካ እስክትውጥ ጠበቀች። ከዚያ ድምጿን ሳታነሳ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም የዚያን ቀን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ስሳሳት አትስቅብኝም» አለች። «ዓመት ሙሉ ስሳሳት አንድ ቀን አልሳቀችብኝም። አንቺ ዛሬ ጠዋት ሳቅሽ።»

«ሳቅ ምን አለበት?»

«መከዳው ደግሞ ያንቺ ነበር።»

«የቱ መከዳ?»

«ባዶው። ይሄን ልብስ የለበሰ ልጅ መጀመሪያ ዝቅ የሚለው ለእናቱ ነው፤ እናቱ ደግሞ ጥሩ ጥሩ ቃል ትለዋለች። እኛ ለሰው እንደማንሰግድ ነግሬያታለሁ። ግንባሬ መሬት እንዳይነካ አድርጋ ቀየረችልኝ፣ ስንለማመደው ከረምን። አንቺ አልቀመጥም ስትዪ ሃልሞኒ ወደ እናትሽ መከዳ አድርጊው፣ ይገባታል አለችኝ። አልገባሽም። እኔ የፈለግኩት ጥሩውን ቃል ነበር።»

አሮጊቷ ሾርባዋን ታያለች። ልጄም ሾርባዋን ታያለች። አንድ ነገር እንድል እየጠበቁ ነው።

«ለኔም ቢሆን አይጎነበስም» አልኩ።

ሌላም ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ ነበር። የቀደመው ግን ይሄ ነው፤ እኔ ዘንድ ሁልጊዜ የሚቀድመው ይሄኛው ነው። ልጄ ትከሻዋን ነቅንቃ ልብሱን ልታወልቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ከአሮጊቷ ጋር ብቻችንን ቀረን። የሷ እንግሊዝኛ ከኔም ይብሳል፣ ልጄ ከመሀላችን ስትወጣ ሁለታችንም ዲዳ ሆንን። ተነስቼ ሄድኩና ባዶው መከዳ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን ብባል አላውቅም። ጥብጣቤን እያፍተለተልኩ፣ አውራ ጣቴን ቀሚሱ ሥር ደብቄ ጠበቅኩ። ልጄ በጂንስና በጃኬት፣ ዚፗን እስከ አገጯ ዘግታ ወጣች። መከዳው ላይ አየችኝ።

«አልቋል፣ ማም» አለች። «ተነሽ።»

የመጨረሻዋን ቃል በአማርኛ ነው ያለችው፤ ቅድም እኔ እንዳልኳት አድርጋ፣ ምንም ሳትሰባብር። ልነሳ ብል ጉልበቴ አሁን የእውነት እምቢ አለኝ። ብብቴ ሥር ገብታ ያነሳችኝ አሮጊቷ ናት። እጇ እንደ ወንድ እጅ ጠንካራ ነው። ልብሷን አውልቄ መለስኩላት፣ አመሰግናለሁ አልኩ፤ እንደሚገባው አድርጌ ግን አላልኩትም። በሩ ድረስ መጥታ ጎንበስ ብላ ሸኘችን።

ሀይዌይ ከገባን በኋላ ጀመርኩ። እኛ አገር ሰው ሲመርቅ መዳፉን ዘርግቶ፣ ድምፁን አለዝቦ ነው። እኔ መሪ ጨብጬ ነበር፣ ከፊቴም ያ የጨው ትራክ ተመልሶ ተደቅኗል።

«አላህ ያሳድግሽ» አልኩ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ። «ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ። ከክፉ ይሰውርሽ። የጀመርሽውን ይሙላልሽ። አፈር ስትዘግኚ ወርቅ ይሁንልሽ። ምቀኛሽን ይያዝልሽ። ልፋትሽን ከንቱ አያስቀርብሽ።» አላቋረጥኩም። በእያንዳንዱ መሪውን በመዳፌ እመታዋለሁ።

ልጄ ኤርፎኗን ከጆሮዋ አወጣች። ወደ በሩ ተጠግታለች።

«እየረገምሽኝ ነው?» አለች በእንግሊዝኛ። ስትቀልድ አይደለም፣ ከልቧ ነው።

«እየመረቅኩሽ ነው» ብዬ ጮህኩባት።

የፖላሪስ መብራቶች ከኋላችን ቀሩ። ሌላ ድምፅ የለኝም። ሥራ ቦታም፣ ስልክ ላይም፣ ስወድም፣ ስጣላም ያለኝ ይሄው አንዱ ነው። ይህን ሳስብ አፈርኩ፣ ማፈሬ ደግሞ መልሶ አናደደኝ።

«ሴይ ኢት አጌን» አለች ቆይታ። «ስሎው።»

«ለምን?»

«ሃልሞኒ ምን እንዳልሽኝ መጠየቋ አይቀርም። ልነግራት እፈልጋለሁ።»

መኪናውን አቁሜ ውረጂ ልላት ትንሽ ነው የቀረኝ። ከእናቴ አፍ የወረስኩትን ምርቃት ተርጉማ ለዚያች ሴትዮ ልትወስድላት ነው። እሷ ዘንድ ካልደረሰ የኔ ነገር ዋጋ የለውም ማለት ነው። ጥርሴን ነክሼ ወደ ቀኙ መስመር ገባሁ፣ ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ» አልኳት።

እንዳትረሳው ደገመችው። አንዱን ፊደል ውጣ፣ ሌላውን አላልታ። ሳቄ መጣ። ከንፈሬን ከውስጥ ነከስኩት፤ ቀዩ ጎመን የለበለበኝ ቦታ ስለነበር አመመኝ።

«ከክፉ ይሰውርሽ።»

ደገመች።

«ልፋትሽን ከንቱ አያስቀርብሽ።»

ይህቺ ረዘመችባት። አቋርጣ እንደገና ጀመረች፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ጎኗን ከበሩ አላቅቃ ወደኔ ዞረች። ፊቴን እያየች ቃል በቃል፣ እንደተሰባበረ፣ ሙሉውን አለችው። እኔ እንዳደግኩበት፣ ሰው ዓይንህን እያየ እንደዚያ ሲመርቅህ ዝም አይባልም።

«አሚን» አልኳት፣ በዚያው በጠብ ድምፄ።